ሶኬቱ የተነቀለ ለት

አቬይሮ ላይ ዝናብ አይወርድም፤ ይንጠለጠላል፤
የካፖርቴን ጫፍ ይዞ በቦዩ ዳር ይከተላል።
የብስክሌቴ ጎማ ዛሬም ተነፈሰ፤ በሳምንት ሦስተኛው ነው፤
ሊሸከመኝ የገዛሁትን እኔው ነኝ የምሸከመው።

የድጎማዬ ገንዘብ በሃያው ይገባ ነበር፤ ሃያ ስድስት ሆነ፤
ማተሚያውም ወረቀቴን አኝኮ፣ ቀይ መብራት አብርቶ ተጀነነ።

እናቴ ስትደውል ጥያቄዋ ያው አንድ ናት፦
«መቼ ነው የምትጨርሺው?» መልሴም ያው፦ «ጥቂት ወራት።»
ጥቂት ወራት ከጥቂት ወራት አራት ዓመት ወለዱ፤
የአክስቴ ልጆች ተዳሩ፤ ልጆቻቸው መሄድ ለመዱ።

አምና በገና ማዕድ፣
ድንቹና ጨው ዓሣው ቀርቦ፣ ተሰብስቦ ዘመድ፣
«ምንድን ነበር የምታጠኚው?» አለኝ አጎቴ ዥልቤርቶ።
«ቀንድ አውጣ።»
ዝም አለ ቤቱ፤ ሹካው አየር ላይ ቀርቶ።
«ይበላል?»
«አይበላም።»
«ይሸጣል?»
«አይሸጥም።»
ከዚያ ወዲያ ስለ ጥናቴ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከጤፍ ይበልጣል፣ ከስንዴ ያንሳል፤
ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ በሺህ ይርመሰመሳል።
ጨው ሲበዛበት ወዴት ይሄዳል? ሙቀት ሲበረታስ?
ይህችን ለማወቅ ጎበጥኩ፣ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ።

በየወሩ ውሃው ሲጎድል፣ ቀን ይሁን እኩለ ሌሊት፣
እስከ ጉልበቴ እየሰመጥኩ ጭቃ ቋጠርኩ በከረጢት።
ሁለት ዓመት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
በየፊታቸው ቀንና ቁጥር ጽፌ፣
ከትልቁ ፍሪጅ አስተኛኋቸው አሰልፌ።
እኩዮቼ ቤት ሲገዙ፣ ሲከፍሉ የባንክ ዕዳ፣
የኔ ርስት ጭቃ ነበር፣ የቀዘቀዘ፣ በምድር ቤት ጓዳ።

ሰኞ ጧት ደረጃው ሥር ውሃ ቆሞ ጠበቀኝ፤
መጀመሪያ ጫማዬን ነካ፣ ቀጥሎ ሽታው ደረሰኝ።
ሶኬቱ ተነቅሏል። በቦታው የወለል መወልወያ ተሰክቷል።
የኮሪደሩ ወለል ግን፣ እውነት እንነጋገር፣ እንደ መስታወት ያበራል፤
አፉን የከፈተ ፊቴ ከውስጡ ይታየኛል።
ሰው ድግሱ ቀለጠ ይላል፤ የኔም ድግስ ቀለጠ፤
ሁለት ዓመት፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ወደ ቱቦ ሰረጠ።

ፕሮፌሰር ቴልሞ ከጉባኤ ጻፉ፦ «በጣም ያሳዝናል።
ምዕራፍ ሦስት ግን እስከ ዓርብ ይደርሰኛል?»
ፋይናንስ ቢሮ ሄድኩ፦ «ለካሳ ቅጽ አለ፤
የተበላሸው ዕቃ የተገዛበት ደረሰኝስ የታለ?»
«ጭቃ ነው።»
«ጭቃም ቢሆን።»
ባሕር ደረሰኝ አይቆርጥም ብዬ ልነግራት አሰብኩና
ተውኩት። ወረፋው ረዝሟል፤ ሴትዮዋም ምሳዋን አልበላችምና።

ማታ ጽዳቷ፣ ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ባልዲዋን ይዛ መጣች፤
እጇ ከባልዲው ጋር እየተንቀጠቀጠ፣ ሳልጠይቃት አመነች።
ቀኑን ሙሉ የሳልኩት ምላስ፣ የደረደርኩት ቃል፣
አንዱም አልወጣ። «ያባርሩኛል?» አለችኝ። «ማን ይነግራቸዋል?»
ዝም አለች። ጨው ማሳ ላይ ያደገች ናት፤ ሰንጠረዥ አታይም፤
«ነገ ሌሊት ውሃው በዘጠኝ ተኩል ይጎድላል» አለች፤ አልተሳሳተችም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ መች ቸኮልኩ?
አራት ዓመት ተጎትቼ፣ የፈሰሰውን ልለቅም ወረድኩ።
እሷም የሟች ባሏን ቦቲ አጥልቃ ከኋላዬ፤
ስትሰምጥ ትራገማለች፤ ስሰምጥ ትስቃለች በላዬ።

ከረጢት ቁጥር አንድ። ቀኑን ስጽፍ እስክሪብቶው አኮረፈ።
አንዱን በጥፍሯ አንስታ ወደ ባትሪው አስጠጋች፤
ቀንዱን እስኪያወጣ ድረስ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።
«ይበላል?»
«አይበላም።»
«እሰይ» አለች፣ «ተረፈ።»