ጅማት

ከሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ዋንዛ ስጠርብ ኖርኩ፣ ክንዴ ሳይል ላላ።
ሦስት እግር በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣
ስንቱን አስቀመጠ፣ ስንቱን ሸክም ችሎ።
ዘንድሮ ግን ሠሪው፣ በሠራው ተቀምጦ፣
ይነሣ ጀመረ ግድግዳ ጨብጦ።
ፋስ የምይዝበት የቀኙ ክርኔ፣
ብርጭቆ ባነሣ እሳት ሆነ ለእኔ።

ወጌሻው አባ ዲጋ ቅቤ አሽቶ ጎተተኝ፣
«ወለም ብሎህ ነው» አለ፤ ሌሊቱን አስለቀሰኝ።
ከፋርማሲ የገዛሁት ክኒን ሆዴ ደርሶ፣
ሕመሜን አስተኛው ጨጓራዬን ቀስቅሶ።
ዘምዘም «ዕረፍ» አለችኝ። ሦስት ወር አረፍኩ።
ፋሴ ዛገብኝ። እኔም አብሬው ዛግሁ።

ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ
ኩለኒ፣ የሆስፒታሏ፣ ልጄ የምትሆነኝ።
«በሁለት አጥንት መሐል ልም አጥንት ተነጥፎ፣
ኖሮ ነበር፣ አባባ፤ ሳስቷል አሁን ተገፎ።
ያለቀው አይመለስም፣ ልዋሽዎት አልችልም፤
ጭንዎ ከበረታ ግን ያን ያህል አያምም።

ክርንዎ ሌላ ነው፤ ወለምታም አይደለም፣
ብርድም አልመታውም።
ጅማት ነው።» ስትለኝ፣ «ጅማማ ምን ሠራች፣
ወልዳ ያሳደገች?» አልኳት። እሷም ሳቀች።
«ገመድ ነው» አለችኝ፣ «ከሺህ ክር የተፈተለ፤
በየፋሱ ምት ውስጥ አንዳንዱ ክር ሰለለ፤
ሰውነት ሲጠግነው፣ በጥድፊያ ሲጥፈው፣
ክሩን አወላገደው፤ መሥመሩን አጠፋው።»
«እንግዲያው ልረፍ?» አልኩ። «ዕረፍት ብቻ ያዝለዋል፤
ቀስ እያለ የሚጨምር ሸክም ያበረታዋል።»

ሸክም መድኃኒት ነው? በቁጣ ልነሣ ነበር፣
አባቴ ትዝ አለኝ፣ የአልጋ ጠፍር ሲወጥር፤
ሥራ ፈቶ የከረመ ጠፍር ድርቅ ብሎ፣
በአንዴ ስትስበው ይሄዳል ተገንጥሎ፤
አርጥቦ፣ አባብሎ፣ በየቀኑ ጥቂት፣
የወጠሩት እንደሁ ያስተኛል ሙሽሮች ሰባት ሌሊት።

ከአዌቱ ዳር አሸዋ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣
ጠዋት ማታ አነሣለሁ፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ።
ማንሣቱ ቀላል ነው። ማውረዱ ነው ሥራው።
አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት።
ዶሮ ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል።
ጎረቤቴ አወል ያያል፤
«ሸምሱ፣ አሸዋ ታስተኛለህ እንዴ?» ይላል።
ስድስት ሳምንት፣ ምንም የለም።
በአሥረኛው ብርጭቆ አነሣሁ።
ዘምዘም አላየችም። እኔም አልነገርኳትም።

ጉልበቴ ግን እንደዚያው ነው፤ የሰኔ ዝናብ ሊጥል ሲል
ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።
ሶላቴን በወንበር አድርጌዋለሁ፤
አላህ ማጠፊያውን ያውቀዋል፣
የገጠመው እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዋንዛ ገዛሁ፣ ረዘም ያለ፤
ሦስት እግር እየጠረብኩ ነው፣ ከጉልበቴ ከፍ ያለ።
«ለማን ነው?» ይላል አወል።
«ለአንድ ችኩል ሽማግሌ።»
ፋሱን ሳነሣ አንድ እላለሁ፤
ሳወርደው እስከ አራት።