በእርሳስ

ሰኞ፣ ሦስተኛ ፔሬድ፤ ፔንሳኮላ ሞቆ፣
ሌሮን ወጣ ከፊት፣ ሸሚዙ ተጣብቆ።
የሥነ ዜጋ መምህርት ሰዓቷን ይዛለች፤
“አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ጀምር” ብላዋለች።

“ጠበቃ መግዣ ያጣ አንድ ድሃ እስረኛ
እርሳስ ቀርጾ ጻፈ ለበላዩ ዳኛ”
አለና ደብዳቤውን አነበበው እንዳለ፣
ቃሉ የተዛባ፣ ፊደል የዘለለ።

ክፍሉ ሳቀ። ኋላ ትሬቨስ ጠረጴዛ መታ።
ሌሮን ቦርሳውን ፈታ፤
ያምና ድርሰቱን አወጣ፣ በቀይ የታረሰ፣
ርዕሱ የተሰረዘ፣ ስሙ ሳይቀር የፈረሰ።

“ዘጠኙ ዳኞች ግን ግድፈት አልለቀሙም፤
በሕግ አምላክ ሲላቸው፣ ቆሙ፤ አላዘገሙም።”

ደወል። ወንበር ተንኳኳ። መምህርቷ ሰዓቷን አየች፤
ሁለት ደቂቃ አልፏል፤ ሦስት ነጥብ ቀነሰች።
ቀነሰች፤
ግን በእርሳስ ነው።
ይግባኝ ያስብላል።