ያልተካፈልነው

ሉባባ፣ እኔ ነኝ፤ ስልኩን አትዝጊብኝ፤
ስለ ቤቱ አይደለም፣ ዛሬ ሌላ አለብኝ።

የሸዋ በሩ ቤት፣ ሱቁ ከነበሩ፣
የአባዬ ሲንጀር ከነመርፌ ክሩ
በሜትር ተለክቶ፣ በዳኛ ተቆርጦ ሲያበቃ ክርክሩ፣
አንቺ ኮምቦልቻ፣ እኔም ደሴ ቀረሁ፤
መሐል ሐረጎ አለ፤
ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺም አልወጣሽው፣ እኔም አልወረድሁ።

ሰሞኑን ግን እግሬ ጫማ አልገባም አለ፤
እስከ ፒያሳ ድረስ ትንፋሼ ሦስት ጊዜ «ጠብቀኝ» እያለ።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤
ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ፣
«በቤተሰብ ማን አለ?» አለችኝ ቀጥላ፤
«ስኳር ያለበት? ግፊት? ልብስ?»
(«ልብስ» ስትል፣ የሰፊ ልጅ ነኝና ኮቴን አየሁት፤
ልቤን ኖሯል ለካ።)

ቆጠርኩላት።
አጎታችን ሙሄ፣ ስኳር ከጣቱ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱ የደረሰ፤
አክስታችን ጦይባ፣ ሠርግ ቤት መሐል ላይ ግፊት የጣላት፣
ዓይን ነው ብለን ዱዓ ያስደረግንላት፤
አባዬም፣ ታስታውሺው የለ፣
በሦስት ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ የሚያነጋ፣
«ሱብሂን ልጠብቅ ነው» እያለ የሚሸነግለን።

ለእያንዳንዱ ሞት ሌላ ስም ሰጥተን
ለየብቻ አለቀስን።
ልጅቷ ግን ካርዴን ገልብጣ፣ በእስክሪብቶ መስመር
ሦስቱንም ሰዎች በአንድ ክር ሰፋቻቸው።
«ዘረመል» አለች፤ «ልቡን የሚያደክመው፣ ስኳሩን የሚያነሳው፣
አንዳንዴ ያው አንዱ ነው፤ ስሙ ነው የሚለየው።»
ገባኝ። አባዬስ ከአንድ ጥቅል ክር
ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ ይሰፋ አልነበር?
«ፍርድ ግን አይደለም» አለች ፊቴን አይታ፤
«ቀድሞ ያወቀ ሰው ያገኛል ፋታ።»

ሉባባ፣
ዳኛው ፊት ቆመሽ «ድርሻዬን!» ስትዪ
ማኅተም ያልነካው፣ ያልፈረምንበት አንድ ውርስ ነበረ፤
ሱቁን ሳንካፈል፣ ገና ሳንወለድ፣ ያለ ይግባኝ ያደረ።
ላይደርስሽ ይችላል። ደርሶሽም ይሆናል።
ሐረጎ ለየን ስንል፣ ሐረግ መቼ ፈታን?

ጠዋት ክሊኒክ ሂጂ፤ ቁርስ ሳትበዪ።
ክንድሽን ይለኩት፤ ጣትሽንም ይውጉ፤
የአባዬን ትራሶች አንድ በአንድ ንገሪያቸው፣
እንዳትዋሺ እንደሱ።
ቅዳሜ እመጣለሁ። እኔው ልውረድ፣ ግዴለም፤
ያቃተኝ ዳገት ነው፣ ቁልቁለት አይደለም።