ሠላሳኛ ገጽ

ሂርማታ ገበያ ከሰፊዎች ጀርባ፣
ላስቲኩን ወጣጥሮ ዝናብ እንዳይገባ፣
ነስሩ አባ ዱራ መጽሐፍ ያከራያል፤
ዋጋው ሁለት ብር ነው፣ ሕጉ ግን ይለያል።
ከሠላሳ ወዲያ ያለውን ገጽ ሁሉ
በቀይ ክር ጠምጥሞ፣ ቋጠሮ ነው ውሉ።
«ክሩ እንደታሰረ ከመለስክ ነጻ ነህ፤
ከበጠስከው ግና፣ ወንድሜ፣ ዕዳ አለህ።»

በርጩማ እጠርባለሁ ከመንደራ ማዶ፤
ዋንዛ አንኳኩቼ ነው፣ ሙሉውን ከባዶ፣
ነቀዝ የበላውን ከደኅናው ምለየው፣
መጋዝ ሳላስነካ ውስጡን እንደማየው።
መጽሐፍ ወረቀት ነው፣ ወረቀትም እንጨት፤
ጨው ለመቅመስ ብሎ ምነው ድስት መጎንጨት?

እንዲህ ብዬ ኖርኩኝ ሦስት ክረምት ሙሉ፤
ሃያ ዘጠኝ ገጽ ነው የኔ ንባብ ሁሉ።
ስመልስ ማለዳ፣ ክሩን ሳልነካካ፣
ነስሩ ይቀበላል፣ በጣቱ እየለካ።
ስንት ጠብ አውቃለሁ ዕርቁን ያላየሁት፣
ስንት ባቡር አለ መንገድ ያስቀረሁት።
አንዲት ሴት በር ላይ ናት፣ እጇ መዝጊያው ላይ ነው፣
ገጽ ሃያ ዘጠኝ ላይ፤ ሦስት ዓመቷ ነው።
ታንኳኳ፣ ትመለስ፣ አልጠየቅሁም እኔ፤
የሚጥም ከፊት ነው፣ ይል ነበር ሚዛኔ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ አዌቱ ሲሞላ፣
ላስቲኩም ሲቀደድ ከፊት እስከ ኋላ፣
አንዱን ጎትቶልኝ ከረጠበው መሃል፣
«ክር ያሰረው ዳነ፣ ፊተኛው ታጥቦልሃል፤
እንግዲህ፣ ቀማሹ፣ መቅመሻው ጠፍቶሃል፤
ወይ በጥሰህ ውሰድ፣ ወይ እዚህ ይቀርልሃል።»

ፊቴ ጋለ። ከፈልኩ። በጥርሴ በጠስኩት፤
ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ ብዬ ከወገቡ ያዝኩት።
ሰውዬው ስም የለው፣ «እሱ» ነው በጠቅላላ፤
ስሙን ከነፊቱ አዌቱ ሲበላ
ወደ ጊቤ ይዞት ወርዷል መሰለኝ።
ሃምሳኛው ገጽ ደረቅ። ሰባኛው አሰለቸኝ።
ሰማንያ ላይ ተኛሁ። ዘጠና ላይ ማልኩኝ፣
«ሁለት ብሬ ናት እንጂ እሱስ ምኔ ነው!» አልኩኝ።

መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ማንም ሳይለምነው፣
የጎረቤቱን ቁልፍ ፈትቶ ይጠግናል።
ይኸው ነው። ሌላ የለም። እዚያም ይዘንባል።
ዘይት ይቀባዋል፣ ያዞረዋል፣
ጆሮውን አስጠግቶ ያደምጠዋል፣
እኔ ዋንዛ እንደማደምጠው፤
ብቻ እሱ ቶሎ አይነሳም።
ቀና ስል ቤቱ ጢስ ነው፤
የጣድኩት ሙጫ አርሯል።
በዕድሜዬ ሙጫ አሳርሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሮጥኩ።
«ያቺ ሴትዮስ፣ በር ላይ የተውኳት?»
ነስሩ ፈልጎ ሰጠኝ። በጠስኩት። አራት ሌሊት።
አንኳኳች።
ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።
ከዚያ ወዲያ ሁለት መቶ ገጽ ስብከት።
ስምንት ብሬ ሄደ፤ ለእሷስ
ሃያ ዘጠኝ ልክ ነበር፣ እንዲያውም ይበዛል።

ነስሩ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ።
«ቆይ ግን፣» አልኩት፣ «ሠላሳን ማን መረጠው?
ሊቅ ነው? አስተማሪ ነው?»
መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣
«ድሮ፣ ልብስ ስሰፋ፣ የመጀመሪያዬን ሳነብ፣
ሠላሳ ገጽ ላይ ራህመት ለእራት ጠራችኝ።
ምልክት ይሁነኝ ብዬ ክር አሰርኩበት።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ እራት በላን።
ልጆች መጡ። ዓይኔ ደከመ።
ያውልህ፣ ከላይ፣ ሰማያዊው።»

ቀና ብዬ አየሁት። ቀዩ ክር ነጥቷል፤
ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው።
ሁለት ብር አወጣሁ።
እጄን ቀስ አድርጎ መለሰው፤
«ተው፣ እሱ አይከራይም፤
ገና አንብቤ አልጨረስኩትም።»