ከንፈር የማይሹ ፊደሎች

ደሴ መናኸሪያ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
በዚህ አፍ ጠርቻለሁ፤
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!»
አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት አያውቅም፣ ዋሽቻለሁ።
ድምፄ ጦሳን ነክቶ ሲመለስ
ሹፌሩ አራጋው ከእንቅልፉ ይባንን ነበር፣
ለመሄድ ያላሰበውም ሰው ይሳፈር ነበር።

ዛሬ «ኮ» እላለሁ፤
ከዚያ ከንፈሬ መግጠም አለበት፣ አይገጥምም።
«ም» በግራ በኩል ትፈሳለች፣
«ቦ» በአንገቴ ቀዳዳ ትወጣለች፣
ለመንገደኛው የሚደርሰው «ኦልቻ» ነው፤
መኪና የማይሄድበት ከተማ።

አዲስ አበባ ላይ መንጋጋዬን አወጡት፣
ከነዕጢው፣ ከነስምንት ጥርሱ።
ከግራ ቅልጥሜ ጎን ቀጭኗን አጥንት ወስደው
ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በብረት አሰሯት
እንደ አሮጌ ሚኒባስ ፓራውርቲ።
ሐረጎን በእግሯ የወጣች አጥንት
አሁን አጥሚት ትቀበላለች።
የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤
እኔ ምኔን ልታሽ፣
እግሬ አፌ ውስጥ ተቀምጦ?

ከአጥንቷ ጋር ቆዳም መጥቶ ነበር፣
ቆዳውም አገሩን አልረሳ፦
ጉንጬ ውስጥ የባት ጸጉር አበቀለ።
ዘይነት በባትሪ አይታ ሳቀች፣
ሳቋን ልትውጠው ስትል አለቀሰች፣
እኔም ሳቅሁላት፤
ያኔ ከንፈሬ ገና ይሰበሰብ ነበር።

ከዚያ ጨረሩ።
በፊቴ ልክ በተቀረጸ ጭምብል
ከጠረጴዛ ጋር ጠፍረው
ሠላሳ ሦስት ቀን አበሩብኝ።
አይነካም። የሩቅ ወፍጮ ድምፅ ብቻ።
ጸጉሩን አጨደው፣ ይሁን፤
ምራቄን ግን ወሰደው።
ድሮ «ይመር ምራቁን የዋጠ ነው» ሲሉኝ
ደረቴ ይነፋ ነበር፤
ዛሬ የምውጠው የለኝም።
በሃይላንድ ውሃ ይዤ እዞራለሁ፣
በየኩርባው አንድ ጉንጭ፤
ግማሹ በአንገቴ ይወጣል።

በሦስተኛው ወር «ቁስሉ እየደረቀ ነው» አሉኝ፤
በሰባተኛው፣ የደረቀው አጥንቱ ሆኖ ተገኘ።
ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ
ብዙ ዝም አለ፣
ከዚያ «ይቅርታ» አለኝ።
ሐኪም ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም።
«ጨረሩ ደም ሥሩን አክስሞታል፤
የተተከለውም የቀረውም ሞቷል።
ካንሰሩ ግን የለም፤
እሱን በደንብ ገድለነዋል።»

የአይስክሬም እንጨት በጥርሴ መሃል እደረድራለሁ፣
መንጋጋው እንዳይቆለፍ።
በጥር አሥራ አንድ ይገባ ነበር፣
አሁን ስምንተኛው አይገባም።
ትንሿ ልጄ ቁጥር የተማረችው በዚህ ነው፤
እስከ ሰባት ታውቃለች።

የደሴ ብርድ ከሁሉ ቀድሞ ብረቱን ያገኘዋል።
ከአገጬ ሥር ቆዳው ሳስቶ
ሽምብራ የምታህል ብረት ብቅ ብላለች፤
ጉሙ ከጦሳ ሲነሳ
ሰው ሳያይ እኔ በእሷ አውቃለሁ።

ካርድ ክፍል ስሜን ሲጠይቁኝ ወረቀት አሳያለሁ፤
«ይመር» ውስጥ «መ» አለች።
«ዘይነት» ማለት ግን እችላለሁ፤
ከፊደሎቿ አንዷም ከንፈር አትሻም።
ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ
ይህን ያወቅሁት አሁን ነው።

«ደሴ» ማለትም እችላለሁ።
አራጋው ነው ያስተዋለው፣ ጎማ ሲቀይር፣ ቀና ሳይል፦
«ታች ሆነህ ወደ ላይ ለምን አትጠራም?»

ስለዚህ በመጀመሪያው መኪና ዝም ብዬ እወርዳለሁ፤
ኮምቦልቻ ብረቷ ትሞቃለች።
ሁለት ጣቴን ቀዳዳው ላይ ጫን አድርጌ
«ደሴ! ደሴ! ደሴ!»
አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ ይገባል፤
አንዲት እናት «አብሽር» ብላኝ
የልጇን ዓይን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሐኪሙ ለሐምሌ ቀጥሮኛል፤
ቀኝ እግሬን ይፈልጋል፣
በር ላይ ተንጠልጥዬ የምቆምበትን።
እሺም እምቢም አላልኩት።

«አንድ ሰው የቀረው» የምትለዋን ትቻታለሁ።
መኪናው እስኪሞላ እጠብቃለሁ።