የዋስ ዋስ

ሩዊ፣ ሐሙስ ማታ። የሐዋላ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ
ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ውጭ ግን ላብ የጠጣ ሰማይ፣
ባሕሩ ተኖ ወጥቶ፣ መሄጃ አጥቶ፣
ከመንገድ መብራቱ ሥር ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ አንዲት መስመር መጻፍ፦
ከሁለት ሺህ አርባ ስምንት ቢት ያጠረ ቁልፍ፣ በዚህ በር አይለፍ።

አገር ቤት ዋስ ሲጠራ፣ ዳኛው ዋሱንም ይጠይቃል፦
"አንተንስ ማን ያውቅሃል?"
ዋሱም ዋስ ይጠራል፤ ያም ሌላ፣ ያም ሌላ፣
"እሱንስ አትጠይቁት" ከሚባል ሰው ደጅ ይደረሳል በኋላ።
ከሱ ወዲያ ማንም የለም፤ ማኅተሙን ለራሱ የመታው ራሱ ነው።
እኛም በመሣሪያው ሆድ "ሥር" የምንለው ይኸንኑ ነው።

ዝርዝሩን አወረድኩ። መቶ አርባ ሥር፣ ሁሉም ብርቱ፤
አንዱ ብቻ ሺህ ሃያ አራት፣ የተነቃነቀ ጥርስ፣ የጥንቱ።
የሰጠው ድርጅት ከስሟል። የተከለው ሚስተር ኩሪያን
ጡረታ ወጥቶ ኮታያም ገብቷል፤ ትቶልናል ወረቀቱን፦
"ይህን አትንኩት። ሱር ቅርንጫፍ የሚተነፍሰው በዚህ ነው።"
ቢጫ ወረቀት፣ ሙጫው የከዳው፣ የቁስል ፕላስተር የያዘው።

ሰኢድ፣ የሒሳብ ሹሙ፣ ከትከሻዬ በላይ ቆሞ፦
"ሃያ ዓመት በሩን ዘግቷል። ማን ገባ? ንገረኝ እስቲ!" አለ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
እንዴት ብዬ ላስረዳው?
ሌባው አልመጣም ማለት፣ ቁልፉ ጠነከረ ማለት አይደለም፤
ሌባው ገና እየቆጠረ ነው። ቁጥር ደግሞ አይደክምም።

ተጫንኩት።

ለአንድ ደቂቃ ምንም የለም።
ከዚያ ሱር ጸጥ አለ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

መስኮት ሁለት ላይ አንዲት ልጅ፣ ሩቅያ፣ የከሚሴ፣
ማዳሟን ለምና አንድ ሰዓት ያገኘች፣ ሠላሳ አምስት ሪያል በኪሷ።
ገንዘብ ተቀባዩ ዐረብኛ ቸገረውና ስልኩን ሰጣት።
"ማሽኑ አላምንም አለ አሉኝ" አለች። "እኔን ነው?"

አንቺን አይደለም፣ እህቴ።
አንቺን የሚያውቀውን፣ እሱን የሚያውቀውን፣ ያንን የሚያውቀውን ነው።
ዝም አለች። ከኋላዋ መኪና ጡሩምባ ነፋ።
"ታዲያ የሱ ጣጣ እኔ ላይ ለምን ጠፋ?"

"መልሰው!" አለ ሰኢድ፣ "ለዛሬ ብቻ፣ ወለሉን ዝቅ አድርግላት።"
ጣቴ እዚያው ነበረች። እውነቴን ነው፣ ነበረች ለጥቂት ቅጽበት።
ለዛሬ ብቻ የተከፈተ፣ ሃያ ዓመት ክፍት እንደሚያድር
ወረቀቱ ይነግረኛል፣ ያ ቢጫው፣ ከፊቴ ሲንጠረጠር።

አላወረድኩትም። ለሱር አዲስ ቁልፍ ወለድኩለት፣
በብርቱው ሥር አስፈረምኩት፣ መንገዱን ሰደድኩለት።
አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሩቅያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤
ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሠላሳ አምስቱ ሪያል ሄደች።
ማዳሟ ምን እንዳለቻት አላውቅም። ስልኩ ተዘግቷል።

ሰኢድ ወጣ። ባጣቃዬ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤
ፎቶው እኔን ይመስላል፣ ዋሴ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ከፊሌ፣
በስድስት ዓመት አንዴ ያየሁት፣ ቀለበቱን እንጂ ፊቱን ያልያዘ ልቤ።
ፓስፖርቴ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ
ከጣቴ ጥፍር ያንሳል፤ በፀጉር መርፌ ይከፈታል፣ ቢታለፍ።

ለሱስ ማን ቁመት አወጣ?
መብራቱን አጠፋሁ። ሊፍቱ እስኪመጣ
ቆሜ ቆጠርኩ፦ እኔ፣ ከፊሌ፣ የከፊሌ ዋስ፣ የዋሱ...
እና ሊፍቱ መጣ።