ቀኛዝማችና ግራዝማች

ሰዓት አዳሽ ነኝ እኔ፣ የፒያሳ ሰው፣
በሎተሪ ሻጭና በጫማ ሰፊ መሐል ተቀምጬ፣ ማጉያ መስታወት ዓይኔን የማጎርሰው።
ማታ ማታ ግን፣ ስምንት አባወራ በሚጋራው ግቢ፣
ዶሮ አሳዳሪ ነኝ፤ እፍኝ ጥሬ በታኝ፣ ድንክ መጋቢ።
ያውም ዶሮ ማነቂያ!
(ሰፈሩ ሳይፈርስ ነው፣ ያኔ፤)
አድራሻዬን የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር በእኔ።

ቁመታቸው ከሻይ ፔርሙዝ የማይበልጥ፣
ድምፃቸው ግን የቆርቆሮ አጥር የሚያናውጥ።
ለፋሲካ የመጡ ገዢዎች አንስተው መዘኗቸውና ሳቁ፤
«ከዚህ ላይ ዐሥራ ሁለት ብልት ከየት ይወጣል?» ብለው ጠየቁ።
ትንሽነት ከቢላ ያተርፋል አንዳንዴ፤
እኔም አጭር ነኝ፣ አውቀዋለሁ ይህን ዘዴ።

በአሮጌ የቴሌቪዥን ካርቶን ሰባት እንቁላል ታቅፋ የከረመች እናት
አምስቱን ፈለፈለች። አንዱን ድመት፣ ሁለቱን ብርድ ወሰዳቸው፤
ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱም ወንዶች፣ ወይ መዓት!
ቀዩን ቀኛዝማች አልኩት፣ ገብስማውን ግራዝማች፤
«ሹመቱ ከዶሮው ይከብዳል» አለች ጎረቤቴ ጥሩአየር፣ የነገር እናት፣ የሳቅ አማች።
ቅንጬ ከተረፈ ቅንጬ፣ ካልተረፈ የወፍጮ ቤት ጥራጊ፤
ሲያስነጥሱ ነጭ ሽንኩርት በውሃ፤
ሌሊት በባትሪ አፍንጫቸውን መርማሪ፣ ትንፋሻቸውን አድማጭ፣
ወላጅ አይሉት አሳዳጊ።

አምስት ወር እስኪሞላቸው አንድ ክንፍ ሥር አደሩ።
ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ገና የጣሪያውን ጫፍ ስትነካ፣
ቀኛዝማች ጮኸ፤ ግራዝማች መለሰ፤
ያን ጊዜ ወንድምነት አበቃለት ለካ።
ደም ነበር በሳፋው ጠርዝ፣
ደም ነበር በጥሩአየር ነጭ አንሶላ፤
«ዘውገ» አለችኝ፣ «ዛሬውኑ ወይ አንዱን ሸኝ፣
ወይ እኔ ሁለቱንም በአንድ ድስት ልብላ!»

መለየት መምረጥ ነው። እጄ ግን
የቆመን ማስኬድ እንጂ የሚሄድን ማስቆም አልለመደም።

ግራዝማችን በኮቴ ሸሽጌ የሳሪስ ታክሲ ያዝኩ፤
ስታዲየም ስንደርስ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤ እኔም ሳልኩ።
ረዳቱ ዞሮ «አባባ፣ ይቺ ሳል ሐኪም ትፈልጋለች!» አለ፤
ታክሲው በሳቅ ታመሰ፤
አንዲት ተማሪ ብቻ ጣቷን በኮቴ አሾልካ ኩክኔውን ዳሰሰች።
አሥራደ፣ የድሮ ባልደረባዬ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ሰባት እንስት አለው፣ አንድም አውራ የለው።
ግራዝማች ከኮቴ ዘሎ ወረደ፣
መሬቱን ጫረ፣ ዞሮም አላየኝ።

ቤት ስገባ ቀኛዝማች ዝም።
በማግስቱ ዝም። በሦስተኛውም።
ያሸነፈ ዶሮ ምን ይሆናል? እንጃ፤
ጥሬ ይበትኑለታል፣ ያያል እንጂ አይበላም፤
ቀኑን ሙሉ እንደ ፍርድ ቤት ከሳሽ ይቀመጣል፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ማስረጃ።

በአራተኛው ቀን የወይዘሮ ትርሲትን የግድግዳ ሰዓት፣
ባለ ረጅም መስታወት፣
አቧራውን ላራግፍ አውጥቼ አጥሩን አስደገፍኩት።
ዞር ስል ቀኛዝማች አየ፤
አንድ ድንክ አውራ፣ አንገቱን የነፋ፣ እንደሱ የተቆጣ።
ተወረወረበት። አንዴ፣ ሁለቴ፤ መስታወቱ ጠነከረ።
ከዚያ ቆመ፤ ምንቃር ለምንቃር ቀረበ፣ አቀረቀረ፣
ከጉሮሮው ሥር አንዳች ትንሽ ነገር አወራ፣
ክንፉን አጥፎ ተኛ ከመስታወቱ ጋራ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጠፍቶ የነበረው የመንገድ መብራት ሲመጣ፣
ንጋት መስሎት ጮኸ።
የሰዓት አዳሽ ዶሮ፣ በአራት ሰዓት ተሳሳተ!
ጥሩአየር በመስኮት ጫማ ወረወረች፤
(ከደስታ ነው ብዬ ተረጎምኩት።)

ሰዓቱ ከተሠራ ሰንብቷል፤ ደቂቃ አያጎድልም።
ወይዘሮ ትርሲት በየቅዳሜው ሱቄ መጥታ «አልደረሰም?» ትለኛለች።
«ዕቃው ከውጭ ነው፤ ጥርሷ ያለቀ አንዲት መዘውር አለች…»
ሠላሳ ዓመት ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም።
«ነገስ?»
«ነገ።»

ማታ ግቢዬ ስገባ
ቀኛዝማች ለወንድሙ ይጮሃል፤
ወንድሙም አፉን ከፍቶ፣
ያለ ድምፅ፣
ይመልስለታል።